መኪናው የት ይሄዳል? የነዳጅ ሥርዓት ማሻሻል ታሪክ ከደጋው አገር ሲታይ



ከሁሉ አስቀድሜ ይህ የሕዝብ ትምህርት ከግቢያችን ወጥቶ እዚህ ጃጁራ እንዲሰጥ የፈቀዱትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ያደግሁት በዚህች ከተማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ነገር ግማሹ ከመጻሕፍት፣ ግማሹ ደግሞ ከዚሁ ሰፈር የተገኘ ነው። ዓመታትን ስጠቅስ «እ.ኤ.አ.» ካላልሁ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የታሪክ መምህር ስለ ስፖርት መኪና የነዳጅ ሥርዓት ምን አገባው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ልብ እንደሚመላለስ እገምታለሁ። ነገሩን ያመጣብኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ይህ ወጣት ከዚህ አካባቢ እንደ ብዙዎቹ እኩዮቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ በዚያ ጋራዥ ውስጥ ሠርቶ፣ ሙያ ይዞ ተመለሰ። አሁን በአዲስ አበባ መካኒክ ነው። ባለፈው ዓመት ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ደንበኛዬ ባለ ቱርቦ የስፖርት መኪናውን ጉልበት ወደ 300 የፈረስ ጉልበት አሳድግልኝ ይለኛል። ቱርቦውን ቀይረህ የነዳጅ ፖምፓውን ተወው፣ ወጪው በዛ ብሎኛል። ምን ልበለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔን የጠየቀበት ምክንያት ነበረው። በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ስለ አጎቴና ስለ አንድ የተቃጠለ ፒስቶን ተርኬላቸው ነበር። ያን ታሪክ ለእናንተም እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ ኋላ ልመለስ።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ቴክኖሎጂ ስንጽፍ ዘወትር የምንጠይቀው ጥያቄ «መቼ ገባ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል መቼ ገባ፣ ማን አመጣው፣ ማን ነዳው እንላለን። መልሱም ይታወቃል። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘውን መኪና ይዞ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም ተመለከቱት፣ ተሳፈሩበትም። በዚያን ጊዜ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ የደረሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ይህን ሁሉ ጽፈናል። ሳንጽፈው የቀረው ግን በባሕር ወለል አየር የተሠራው ሞተር ከ2,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ምን ሆነ የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው፦ ወደ አገራችን የገባ ሞተር ሁሉ ለሌላ ቦታ ተለክቶ የመጣ ነው፤ የነዳጅ ሥርዓቱን ለእኛ ቦታ እንደገና የለካው ሰው ታሪክ ግን አልተጻፈም።

ነገሩን ለመረዳት ጥቂት የሳይንስ መንገድ አብረን እንሂድ። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ከአየር ጋር በልክ መደባለቅ አለበት። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተር በሙሉ ጉልበት ሲሠራ ደግሞ ለማቀዝቀዝና ለደኅንነት ሲባል ነዳጁ ከዚህ ልክ በርከት ይደረጋል። ነዳጁ ከሚገባው በላይ ሲበዛ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ያልነደደው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል። ሲያንስ ግን የባሰ ነው። ከባድ ጭነት ላይ ያለ ሞተር ነዳጅ ካነሰው ይግላል፣ ማንኳኳት ይጀምራል፣ በመጨረሻም ፒስቶኑ ይቀልጣል ወይም ይበሳል። ስለዚህ የነዳጅ ሥርዓት ጉዳይ የጉልበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሞተሩ ሕይወትም የተንጠለጠለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1893 ቪልሄልም ማይባኽ በቀጭን ቀዳዳ ነዳጅ የሚረጨውን ካርቡራተር ከሠራ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ልክ የሚጠብቀው ያ ቀዳዳ ነበር። ቀዳዳዋን መካኒኮቻችን ከፈረንሳይኛው ወስደው «ጂግለር» ይሏታል። የነሐስ ቁራጭ ናት፤ መካከሏ ላይ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚለካ ቀዳዳ አላት። ጂግለር አየሩን የምታውቀው በፍጥነቱ እንጂ በክብደቱ አይደለም። ሆሳዕና ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን የሳሳ ነው። ካርቡራተሩ ግን ይህን ባለማወቁ የሚሰጠው ነዳጅ በዚያው ልክ አይቀንስም። በስሌቱ መሠረት ለባሕር ወለል የተለካ ካርቡራተር በሆሳዕና ከፍታ ነዳጁን ከ12 እስከ 14 በመቶ አብዝቶ ይሰጣል። እንግዲህ ወደ ደጋው የወጣ መኪና ሁሉ ሁለት ነገር ይደርስበታል፦ አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ስለሚበዛበት ደግሞ የቀረው ጉልበት በጭስ ይባክናል።

አጎቴ ይህን ስሌት አልተማረም፤ ነገሩን ግን ከእኔ አሳምሮ ያውቅ ነበር። በወጣትነቱ በአሰብ መንገድ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ረዳት፣ በኋላም መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። ከባሕር ወለል ተነሥቶ ደጋ የሚወጣ፣ ከደጋም ወደ ባሕር የሚወርድ ሰው የአየርን ክብደት በሞተር ድምፅ ይማራል። ወደ ጃጁራ ተመልሶ ትንሽ ጋራዥ ሲከፍት አንድ ያረጀ ፔዦ 404 ስቴሽን ነበረው። ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከመጽሔት የተቆረጠ፣ ጭቃ የሸፈነው የፔዦ 404 የውድድር መኪና ሥዕል ለጥፎ ነበር። «ይህ የእኔ መኪና ወንድም ነው» ይል ነበር።

ያ ሥዕል የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ነበር። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1953 በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ መንገዶች ላይ ተጀመረ። ከሞምባሳ የባሕር ዳርቻ እስከ ኬንያ ደጋ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ ለነዳጅ ሥርዓት ከባድ ፈተና ነበር። ፔዦ 404 እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸነፈ። በዚያ ዘመን 404 ከካርቡራተሩ ዓይነት ሌላ በኩግልፊሸር ሜካኒካዊ ፖምፓ ነዳጅ የሚረጭ፣ ኢንጀክሽን የሚባል ዓይነትም ነበረው። ያ ፖምፓ ነዳጁን በአየሩ መሳብ ላይ ጥሎ አይጠብቅም፤ ለየሲሊንደሩ ለክቶ በግፊት ይልካል። የአጎቴ 404 እና የግድግዳው 404 ወንድማማቾች ቢሆኑም በመካከላቸው የነበረው ልዩነት በአብዛኛው ይህ ነበር።

የሜካኒካዊው ኢንጀክሽን እውነተኛ መነሻ አውሮፕላን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጀርመን የጦር አውሮፕላን ሞተሮች ነዳጅ በፖምፓ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ይረጩ ነበር። ይህ ልምድ ወደ መንገድ ሲወርድ የተገኘው ዝነኛ ፍሬ መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ለማን ላይ ያሸነፈው የውድድር መኪና በሦስት ካርቡራተሮች ወደ 170 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበው 300 ኤስ ኤል ግን በዚያው ባለ 3 ሊትር ሞተር መሠረት ላይ የቦሽ ቀጥተኛ ኢንጀክሽን ታክሎበት 215 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ሆኖም እያንዳንዱ ማሻሻያ አዲስ ግዴታ ይዞ ይመጣል። የዚያ መኪና ፖምፓ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላም ሞተሩ እስኪቆም ድረስ ነዳጅ መላኩን አያቋርጥም ነበርና ቤንዚኑ ወደ ሞተር ዘይት ይወርድ ነበር። ባለቤቱ ዘይቱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ግድ ሆነበት። ጉልበት በነጻ አይገኝም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ለክረምት ዕረፍት ጃጁራ መጣሁ። የከፍታውን ስሌት በቅርቡ ከአንድ የፊዚክስ መጽሐፍ አንብቤ ስለነበር ዕውቀቴን ለማሳየት ቸኩያለሁ። የአጎቴ መኪና ሽቅብ ሲወጣ ጥቂት ታጨስ ነበር። «ጂግለሩ ለዚህ ከፍታ በዝቷል፤ አነስ ያለ እናድርግለት፣ ቤንዚንም ይቆጥባል» አልሁት። አጎቴ ዝም ብሎ አዳመጠኝ፤ በማግስቱ ለሥራ ወደ ሆሳዕና ሄደ። እኔም ከዕቃ ሣጥኑ ትንሿን ጂግለር መርጬ አስገባሁ። መኪናው በጃጁራ መንገድ ላይ እጅግ ተሻለው፤ ጭሱ ጠፋ፣ ድምፁ ጠራ። ተደሰትሁ።

በዚያው ሳምንት ዘመዶቻችን ለሠርግ ወደ አርባ ምንጭ ሊሄዱ መኪናውን ተዋሱ። አርባ ምንጭ ከሆሳዕና ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። እዚያ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ለደጋ የተለካ ጂግለር በዚያ አየር ነዳጁን 7 በመቶ ያህል ያሳንሳል፤ እኔ ደግሞ ለደጋውም ቢሆን ከልክ አሳንሼው ነበር። ሰዎች ሞልተውባት፣ ጓዝ ተጭኖባት፣ ስትመለስ ከአባያ ዳርቻ ወደ ሶዶ የሚያወጣውን ዳገት ስትያያዘው ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። ሾፌሩ አልቆመም። አንደኛው ፒስቶን ተበሳ።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ ስትመጣ አጎቴ ቴስታታውን ፈታ፤ ፒስቶኑን አወጣና በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ አየው። ያ መኪና የቤታችን መተዳደሪያ ነበር። የሁለት ታናናሽ እኅቶቼ የትምህርት ቤት ወጪ ከዚያ ነበር የሚወጣው። አልጮኸብኝም። «ልጄ፣» አለኝ፣ «ጂግለሩን ስትቀይር መኪናው የት እንደሚሄድ ጠይቀሃል?»

ያን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ስሌቴ ትክክል ነበር። የተሳሳትሁት ስሌቱ የሚሠራበት ቦታ አንድ ብቻ እንደሆነ አድርጌ በማሰቤ ነው። አጎቴ ጂግለሩን ትንሽ በዛ አድርጎ የተወው ባለማወቁ አልነበረም። መኪናዋ ዛሬ ጃጁራ፣ ነገ ሻሸመኔ፣ ከነገ ወዲያ አርባ ምንጭ እንደምትሄድ ያውቃል። ጥቂት ጭስ መታገሥ አንድ ፒስቶን ከማጣት እንደሚሻል ያውቃል። እኔ ጉድለት ያልሁት ነገር የታሰበበት ትርፍ አቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ የዓለም ኢንዱስትሪ የአጎቴን ጥያቄ ለመኪናው ራሱ እንዲመልሰው አስተማረው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቦሽ በቮልስዋገን 1600 ላይ ያቀረበው የኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት በሴንሰር ይለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 ቮልቮ በጭስ መውጫው ውስጥ ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር ተከለ፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ የተቃጠለውን መርምሮ ቀጣዩን መጠን ማረም ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ነዳጁንና የካንዴላውን እሳት አንድ ኮምፒዩተር በጋራ ማዘዝ ጀመረ። በአዲስ አበባ ጎዳና ይህን ሽግግር ለማየት ቤተ መዘክር መሄድ አያስፈልግም። ላዳውና አሮጌው ቶዮታ ዲኤክስ የካርቡራተር ዘመን ምስክሮች ናቸው፤ ቪትሷ የኢንጀክሽኑ። ሁለቱም በአንድ መንገድ፣ በአንድ መብራት ቆመው ይታያሉ።

ታዲያ መኪናው ራሱ ከፍታውን ካወቀ የመካኒኩ ዕውቀት አበቃ ማለት ነውን? የተማሪዬ ጥያቄ መልስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አብረን አሰላን።

ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ሩብ ኪሎ ግራም ያህል ቤንዚን ይፈልጋል እንበል። ለ300 የፈረስ ጉልበት 75 ኪሎ ግራም ማለት ነው፤ በሊትር ሲታሰብ በሰዓት ወደ 100 ሊትር ይሆናል። ይህ በአራት ኢንጀክተሮች ሲካፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ ከ400 ሚሊ ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ኢንጀክተር ግን ያለ ዕረፍት ተከፍቶ እንዲውል አይገባም፤ ከጊዜው 80 በመቶ ያህል ቢሠራ መልካም ነው። ስለዚህ በደቂቃ 520 ሚሊ ሊትር ያህል የሚያስተላልፍ ኢንጀክተር ያስፈልጋል። ኢንጀክተሩ ቢቀየርም ፖምፓው ያን መጠን ማድረስ አለበት፤ ያውም በግፊት። በብዙ መኪኖች የነዳጁ ግፊት ሞተሩ ውስጥ ካለው የአየር ግፊት በ3 ባር ያህል በልጦ እንዲቆይ ይደረጋል። ቱርቦው አየሩን በ1 ባር ከጨመቀው ፖምፓው 4 ባር መግፋት ይኖርበታል። ፖምፓ ደግሞ ግፊቱ በጨመረ ቁጥር የሚያደርሰው መጠን ይቀንሳል። ከፖምፓው እስከ ኢንጀክተሩ ያለው ቱቦ፣ ማጣሪያው፣ የግፊት መቆጣጠሪያው፣ ወደ ፖምፓው የሚሄደው የኤሌክትሪክ ሽቦ ሳይቀር የዚያው ሰንሰለት ቀለበቶች ናቸው። የሰንሰለቱ አቅም የደካማው ቀለበት አቅም ነው።

ደንበኛው ግን፣ «አዲስ አበባ ላይ ሞክረነዋል፣ ፖምፓው በቅቶታል» አለ። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በቅቶታል። እኔም የአጎቴን ጥያቄ ለተማሪዬ ሰጠሁት፦ መኪናው የት ይሄዳል? ደንበኛው በፈጣኑ መንገድ ወደ አዳማ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ እየወረደ መንዳት ይወዳል። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው፤ ቱርቦው በላዩ 0.80 ሲጨምር ድምሩ 1.56 ይሆናል። አዋሽ ላይ አየሩ 0.90 ነው፤ ቱርቦው ያንኑ 0.80 ቢጨምር ድምሩ 1.70 ነው። ሙቀቱን ለጊዜው ብንተወው ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ወደ 9 በመቶ ይበልጣል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ሴንሰሩ ይህን ያውቃል፤ ኮምፒዩተሩም ያዝዛል። አዲስ አበባ ላይ የአቅሙ ጫፍ የደረሰ ፖምፓ ግን ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ትእዛዙ ቢኖርም ነዳጁ የለም። በሙቀቱ ላይ ነዳጅ ማነስ ሲታከልበት የሚሆነውን እናንተም አሁን ታውቃላችሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ያው የኔ ፒስቶን በሌላ መኪና ሊበሳ ነበር። ደንበኛው ሒሳቡን በወረቀት ሲያየው ፖምፓውም፣ ኢንጀክተሮቹም፣ ማጣሪያውም እንዲቀየሩ ተስማማ። ኮምፒዩተሩም በሁለቱም ከፍታዎች ላይ እንደገና ተለካ።

ሰንሰለቱ ግን በመኪናው ሰልባትዮ አይጀምርም። ይህን የምለው የታሪክ ሰው በመሆኔ ነው። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘጋ። በመካከሉ፣ የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የመቱት አድማ ከመምህራኑና ከተማሪዎቹ ንቅናቄ ጋር ተገናኝቶ ለአብዮቱ በር ከከፈቱት ክስተቶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሣ በኋላ የነዳጃችን ዋና በር ጅቡቲ ሆነ። ነዳጁም ራሱ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1921 ማንኳኳትን ለመከላከል ወደ ቤንዚን እንዲገባ የተፈለሰፈው እርሳስ ለሰው አንጎል መርዝ መሆኑ ተረጋግጦ፣ ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. እስከ 2005 መጨረሻ አስወገዱት። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መደባለቅ ተጀመረ፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ።

ይህ ሁሉ ለመካኒኩ ምን ማለት ነው? ኤታኖል ኦክስጅን በውስጡ ስላለ አየር የሚፈልገው ያነሰ ነው፤ በዚህ ምክንያት 10 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በመጠን 4 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ይጠይቃል። ሴንሰር ያለው ሞተር ይህን ያርማል፤ ጂግለር ያላት መኪና ግን የምታውቀው ቀዳዳዋን ብቻ ነው። ኤታኖል አሮጌ የላስቲክ ቱቦዎችን ያበላሻል፤ ውኃም ይስባል። እንግዲህ ከፋብሪካ፣ ከወደብ፣ ከመንግሥት ውሳኔ የሚነሣው ለውጥ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንድ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ ቱቦ በሚያሸት ሰው እጅ ላይ ነው። ያ ሰው ግን በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ የለም።

የእርሱን ዱካ ከየት እናገኘዋለን? አንዱ ምንጭ ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ሰልባትዮ፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሙያው በማን ዘመንና በማን መኪና እንደተስፋፋ ይመሰክራሉ። ጂግለር የፈረንሳይኛ ነው። ኢንጀክተር፣ ሴንሰር፣ ስካነር የሚሉት ከእንግሊዝኛ የገቡ ናቸው። አንድ መካኒክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰልባትዮንና ሴንሰርን ሲጠራ የመቶ ዓመት ታሪክ እየተናገረ ነው። ቋንቋ ያልተዘረፈ መዝገብ ቤት ነው፤ የሚያነበው ግን ያስፈልገዋል።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። ውሳኔው ጥሩ ነው መጥፎ ነው ማለት የዛሬው ርእሴ አይደለም። ለእኛ ለታሪክ ሰዎች ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የካርቡራተሩም የኢንጀክሽኑም ዘመን መዝጊያው መታየት ጀምሯል። በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ፤ ሙያውን ከመጀመሪያው የተማሩት ሰዎች ግን በዕድሜ እየገፉ ናቸው። በዚህ በሆሳዕና፣ በጃጁራ፣ በዱራሜ ጋራዦች ውስጥ ያሉትን አረጋውያን መካኒኮች ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የምንጽፈው «መቼ ገባ» የሚለውን ብቻ ይሆናል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ባትሪው በብርድ፣ በሙቀትና በዳገት ላይ እንዴት እንደሚሆን የሚለካው በሌላ አገር ነው። ለእኛ መንገድ እንደገና የሚለካው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ወደ አቅራቢያችሁ ጋራዥ ሂዱ። በአክብሮት ሰላምታ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። መቼ ሙያውን እንደጀመሩ አትጠይቋቸው፤ ከዚያ በፊት መኪኖቹ የት ይሄዱ እንደነበር ጠይቋቸው። የቀየሩትን፣ ያሳነሱትን፣ ያሰፉትን፣ የጠገኑትን መዝግቡ። የቃላቸውን አጠራር እንዳለ ጻፉት፤ አታርሙት። በስሌት ልታርሟቸው ብትፈተኑ ደግሞ የእኔን ፒስቶን አስታውሱ።

አጎቴ ካረፈ በኋላ ዕቃዎቹን ስናወጣ አንድ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አገኘሁ። በውስጡ አሥራ አንድ ጂግለሮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በትንሽ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ፋብሪካው በጂግለሮቹ ላይ የቀዳዳቸውን ልክ በቁጥር ያትማል፤ አጎቴ ግን በጨርቆቹ ላይ ቁጥር አልጻፈም። በእርሳስ የጻፈው የቦታ ስም ነው፦ «ጃጁራ»፣ «ሻሸመኔ»፣ «አዋሽ»፣ «አሰብ»። «አርባ ምንጭ» የሚል ጨርቅም አለ፤ ጽሕፈቱ ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ ነው። መቼ እንደጻፈው መገመት አያቅተኝም።

ቆርቆሮው ዛሬ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ንግግሩ ሲያበቃ ቀርባችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጨርቆቹን ስትፈቱ ግን እባካችሁ አታደበላልቋቸው።